የሰሌዳውን ሆድ ማን አየው?

በመሃል ሜዳ የገበያ ቀን በግ የሚገዛ መንዜ በዓይኑ ብቻ አይገዛም። ጠጋ ብሎ እጁን ከበጉ ወገብ ላይ ያሳርፋል፣ አከርካሪውን በጣቱ ይፈትሻል፣ ላቱን ጨበጥ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ደላላው መሃል ገብቶ የሻጩንና የገዢውን እጅ ካላገናኘ ዋጋ ተቆረጠ አይባልም። ይኸው ነጋዴ በጎቹን ጭኖ ከጓሳ ደጋ ወርዶ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የሚያደርገውን ግን ልብ በሉ። ዲጂታል ሚዛን ላይ የበራውን ቁጥር ያምናል። ማደያ ቆሞ በቀጂው መሣሪያ ላይ የሚሮጠውን ቁጥር ያምናል። ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምንዛሪ ሰሌዳ ያምናል። የበግ ወገብ ሳይዳስስ የማያምን እጅ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ይሰበሰባል። ምን ብሎስ ይዳስሰው?

የዚህች ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። በገበያችን ዋጋና መጠን የሚነግሩን ማሳያዎች ሁሉ በሆዳቸው ትንሽ ኮምፒዩተር ይዘዋል። ያንን ኮምፒዩተር ማን እንደሚቆልፈው፣ ማን እንደሚከፍተው፣ ቁጥሩ ቢለወጥ በምን እንደሚታወቅ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። ዋናውን ሲስተም ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ የሚወጣባት መስታወት ግን ያለ ዘበኛ ቆማለች።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከማንኛውም ስክሪን ጀርባ አንድ መቆጣጠሪያ ካርድ ወይም ቺፕ አለ። ከኮምፒዩተሩ፣ ከሚዛኑ ወይም ከቀጂው የሚመጣለትን ምልክት ተቀብሎ የትኛዋ ነጥብ እንደምትበራና በምን ቀለም እንደምትበራ የሚወስነው እሱ ነው። እሱን የሚያዝዘው ደግሞ ፋብሪካው ቺፑ ላይ የጫነው ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያዎቹ ፈርምዌር ይሉታል። ፈርምዌር ለተጠቃሚው አይታይም። ተራ የቫይረስ መከላከያ አይፈትሸውም። ኮምፒዩተሩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ቢጫን እንኳ የማሳያው ፈርምዌር ካለበት አይነቃነቅም። ፋብሪካዎች ኋላ ላይ ስሕተት ቢገኝ ለማረም እንዲመቻቸው በኬብል፣ በፍላሽ ወይም በዋይፋይ የሚገባበት በር ይተዉለታል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ካርዶች በሩን ያንኳኳው ፋብሪካው ይሁን መንገደኛ አይለዩም፤ የመጣላቸውን ተቀብለው ያድራሉ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው ዴፍ ኮን የተሰኘ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ የታየው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሬድ ባሉን ሴኩሪቲ ከተባለ ድርጅት የመጡ አንግ ኩይና ጃቲን ካታሪያ የሚባሉ ተመራማሪዎች በየቢሮው የሚገኝ አንድ የዴል ሞኒተር መርጠው የመቆጣጠሪያ ቺፑን አሠራር ፈቱት። ከዚያም በዩኤስቢ መስመር የራሳቸውን ትእዛዝ አስገቡበት። በመድረኩ ላይ ያሳዩት ነገር ነጋዴን እንቅልፍ የሚነሣ ነው፦ በኢንተርኔት የገንዘብ ማስተላለፊያ ገጽ ላይ ባዶ የነበረው ቀሪ ሂሳብ በስክሪኑ ላይ ብዙ ገንዘብ ሆኖ ታየ። በሌላ ማሳያ ደግሞ የኃይል ማመንጫን የሚመስል የመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ አረንጓዴ የነበረው መብራት ቀይ ሆነ። ሞኒተሩ ከማሳየትም አልፎ በፊቱ የሚያልፈውን ጽሑፍ ማንበብ እንደሚችል አስረዱ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የድርጅቱ መዝገብ አልተነካም። መስመሩ አልተሰበረም። ኮምፒዩተሩ ራሱ ትክክለኛውን ቁጥር ነው የላከው፤ ቢጠየቅም ትክክለኛውን ይመልሳል። የተለወጠው ከመስታወቱ እስከ ሰው ዓይን ያለችው የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት። ሆኖም ሰው ፈርሞ፣ ከፍሎ፣ ሸጦ የሚሄደው በዚያች ባያት ቁጥር ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ውጤት ሁለት ዓመት ያህል ደክመዋል። በየሱቁ ያለ ሞኒተር ነገ ጧት ይዋሻል የሚል ወሬ የሚነዛ ሰው ካለ ዕቃ ሊሸጥላችሁ የመጣ ነው። ነገር ግን የመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ያን ያህል ድካም አይጠይቁም። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በአሜሪካዋ ኦስተን ከተማ የመንገድ ሥራ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ «ዞምቢዎች ከፊታችሁ አሉ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አሽከርካሪዎች ሲስቁ አረፈዱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጃካርታ ትልቅ የማስታወቂያ ስክሪን በቀን ብርሃን የብልግና ፊልም አሳየ። ሁለቱም ዘንድ የተሰበረ ረቂቅ ምስጢር አልነበረም፤ በሩ በአግባቡ ሳይቆለፍ መቅረቱ ነው። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ የኤልኢዲ ሰሌዳ ካርዶች መካከል በስልክ የሚታዘዙና የፋብሪካው የይለፍ ቃል ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነባቸው አሉ። ገጣጣሚው ሰሌዳውን ሰቅሎ፣ ጽሑፉ መሮጡን አይቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን የሚለውጥ ማን ነው? ባለ ሱቁ መኖሩንም አያውቅም።

«ይህ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ ወደራሳችን ገበያ እንመለስ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት የባንኮች ሰሌዳ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ ቅርንጫፍ የተሳሳተ ቁጥር ቢሰቅል መንገዱን ተሻግሮ ሌላውን ያየ ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር። ዛሬ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ በየጊዜው ያወጣሉ፤ ልዩነት መኖሩ የሥርዓቱ ባሕርይ ሆኗል። ይህ ለገበያ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለተሳሳተ ሰሌዳ ግን መደበቂያ ነው። አንዱ ከሌላው ሁለት ብር ቢያንስ «ዋጋቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባንኩ ገንዘቡን የሚመነዝረው በሲስተሙ ባለው ዋጋ ነው፤ ደንበኛው ግን የቀኑን ሐሳብ የቆረጠው፣ ለሸሪኩ ስልክ የደወለው በሰሌዳው አይቶ ነው። በዚያች ቁጥር ዕቃ ያዘዘ አስመጪ ሰሌዳውን ከሶ አይረታም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያየን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሻጭና ገዢ በአዳራሹ ቆመው ዋጋ እየጮሁ፣ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ነበር የሚገበያዩት። ያ የመሃል ሜዳ በግ ተራ ሥርዓት ከተማ ገባ ማለት ነው፤ እጅ ሲመታ ያየ ምስክር ሞልቷል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ዞረ። ከዚያም በፊት ምርት ገበያው በገጠር የገበያ ከተሞች የኤሌክትሮኒክ የዋጋ ሰሌዳዎች አቁሞ ነበር። ዓላማው የሚመሰገን ነው፤ ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ ከሰብሳቢው አፍ ሳይሆን ከሰሌዳ እንዲያነብ ነው። ታዲያ የገበሬው መከራከሪያ ሰሌዳው ከሆነ ሰሌዳውን የያዘ ሰው ክርክሩን ያዘ ማለት ነው። ለዚያውም ለአንድ የገበያ ጧት ብቻ ቢይዘው ይበቃዋል። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወደ ቦታው ቢመለስ ማን ምን ያረጋግጣል?

የግድ ሌባ መኖርም የለበትም። ብዙ ካርዶች መስመር ሲቋረጥባቸው የመጨረሻውን ቁጥር እንደያዙ ይቀመጣሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትላንትናውን ዋጋ እንደዛሬ አድርጎ የሚያበራ ሰሌዳ ከጠፋ ሰሌዳ የባሰ ነው። የጠፋ ሰሌዳ አለማወቁን ይናገራል። የበራው ግን ሰዓት ካልጻፈ በስተቀር የሚያውቅ ይመስላል።

ገንዘቡ በእርግጥ የሚሰረቅበት ቦታ ግን ሚዛንና ማደያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በህንድ ላክናው ከተማ ፖሊስ ነዳጅ ማደያዎችን ሲፈትሽ በቀጂው መሣሪያ ሆድ ውስጥ ባዕድ ቺፕ አገኘ። ቺፑ በሪሞት የሚታዘዝ ነበር፤ ማሳያው ሙሉውን ሊትር ሲቆጥር ጎማው ውስጥ የሚያልፈው ግን ያነሰ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሪሞቱ ይጫናል፤ መሣሪያውም ጨዋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ በደቡብ ሩሲያ የማደያ ሠራተኞች በቀጂዎችና በሽያጭ መመዝገቢያዎች ላይ ተንኮለኛ ፕሮግራም ጭነው ለደንበኛው ከሚቀዳለት ከ3 እስከ 7 በመቶ ይቀንሱ እንደነበር ተዘገበ። ማሳያው፣ ሂሳቡና ደረሰኙ እርስ በርስ ይስማሙ ነበር። ሦስት ምስክር፣ ሦስቱም ውሸታም!

በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል ዘዴዎች እንዲሆን ተደርጓል። ይህ የብሩን መንገድ ጥርት አድርጎ ይመዘግባል። ሊትሩን ግን አይመዘግብም፤ ሊትሩ ማሳያው ያለውን ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ያልተቀዳ ነዳጅ በዘመናዊ ዘዴ፣ ከነደረሰኙ፣ ሊከፈልበት ይችላል። የጭነት መኪና ያለው አንባቢ ሂሳቡን ይሥራው፤ 300 ሊትር ሲሞላ 5 በመቶ ቢጎድልበት 15 ሊትር በየጉዞው ማደያው ውስጥ ቀረ።

የሚዛኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በዲጂታል ሚዛን ላይ ማሳያውን የሚያስተካክል የቁልፍ ቅደም ተከተል አለ፤ ያንን የሚያውቅ ሰው ማኅተም ከሌለበት ኪሎውን ወደፈለገው ይወስደዋል። ከመንዝ 200 በግ የጫነ ነጋዴ በቁም ክብደት ቢሸጥና ሚዛኑ 6 በመቶ ቢያጎድልበት 12 በግ ያለ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው። በእጁ ዳስሶ ቢሆን ኖሮ 12 በግ አይጠፋበትም ነበር። የሚያሳዝነው መንዜው ክብደት በእጁ የመገመት ችሎታው ዛሬም አብሮት መኖሩ ነው። «ዲጂታል ነው» ሲባል ግን የራሱን እጅ ትቶ መስታወቱን አመነ።

የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሚዛንና ቀጂን በሚታወቅ ክብደትና በመስፈሪያ እየፈተሹ ምልክት ይለጥፋሉ። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ እጅን አፍታትቶ የሚሰርቀውን ይይዛል። መፈተኑን የሚያውቅ ፕሮግራም ግን በዚህ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ጀርመናዊው ቮልስዋገን የተጋለጠበት ነገር ይኸው ነበር፤ የመኪናው ፕሮግራም በምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ ጭሱን ይቀንስ፣ መንገድ ሲወጣ ይለቀው ነበር። የላክናው ሪሞት በሰው ጣት የሚሠራውን ቮልስዋገን በፕሮግራም ሠራው። ስለዚህ ፍተሻ ማለት ቁጥሩን ማየት ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራም ፋብሪካው የሰጠው ራሱ መሆኑን ማረጋገጥ መሆን አለበት።

ይህ አይቻልም የሚለኝ ነጋዴ ካለ ወደራሱ ጠረጴዛ ይመልከት። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ካሽ ሬጅስተር የምንለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ከሆነ ወዲህ እንዴት እንደተያዘ ሁላችንም እናውቃለን። አቅራቢው ፈቃድ አለው፣ መሣሪያው መለያ ቁጥር አለው፣ ሆዱ ታሽጓል፣ የማይፋቅ ማስታወሻ አለው፣ ማኅተሙን የሚፈታው የታወቀ ቴክኒሻን ነው። መንግሥት ግብሩ እንዳይጠፋበት የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ሆድ እንዴት እንደሚቆለፍ ጠንቅቆ ያውቃል ማለት ነው። የገዢው 5 በመቶ እንዳይጠፋ ሲባል ግን ያው ዕውቀት ወደ ሚዛኑና ወደ ሰሌዳው አልተሻገረም።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 ሳይፈቀድለት የሰው ሲስተም የገባንም፣ የኮምፒዩተር ዳታ የለወጠንም ይቀጣል። ነገር ግን ዳኛ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ርካሽ የማሳያ ካርድ ደግሞ ማን መቼ እንደገባ አይመዘግብም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አስታውሱ። በአንድ ሌሊት ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ፤ የገንዘቡም መጠን 801 ሚሊዮን ብር ያህል ተብሎ ተነገረ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነው አለ። ከዚያስ? ባንኩ ስም በስም፣ ብር በብር እየለየ፣ ያልመለሱትን ፎቶግራፋቸውን በቅርንጫፎች እየለጠፈ አብዛኛውን ገንዘብ አስመለሰ። ያ የሆነው መዝገብ ስለነበረ ነው። ሰሌዳ ግን መዝገብ የለውም፤ ቁጥሩ ካለፈ አለፈ።

አሁን ወደ ጓሳ ልመልሳችሁ፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ 3,700 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመንዞች የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን የጋራ አድርገው፣ አንዳንዴ ለ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ይከፍቱት ነበር። መክፈቻው ቀን የሚታወጀው በአባ ቄራው ሲሆን የሚነገረውም ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። ሁሉ ስለሰማው አንድ ሰው በሌሊት ተነሥቶ የሐሰት መክፈቻ ሊያውጅ አይችልም ነበር። በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ማግሥት ቄሮ ሲፈርስ የሆነውን የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ የሁሉም የነበረው የማንም ሆነና ሣሩ ያለ ሥርዓት ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ኋላ ነው ማኅበረሰቡ ተሰባስቦ በጥብቅ ሥፍራነት መልሶ የያዘው።

የዋጋ ሰሌዳም ዛሬ ቄሮ እንደፈረሰበት ጓሳ ነው። ሁሉ ያየዋል፣ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ባለቤቱ ግን ሲፈለግ አይገኝም። አስመጪው «ሸጬዋለሁ» ይላል። ገጣጣሚው «እኔ ሰቀልኩት እንጂ አልሠራሁትም» ይላል። የኮምፒዩተር ክፍሉ «እሱ የግንባታ ክፍል ዕቃ ነው» ይላል። የግንባታው ክፍል መብራት መምጣቱን እንጂ ሌላ አያውቅም። በየአደባባዩ እየተሰቀሉ ያሉትን ግዙፍ ስክሪኖች ስመለከት ለውበታቸው ያህል ለቁልፋቸው የታሰበ አይመስለኝም፤ ይህ እንግዲህ የኔ ጥርጣሬ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ነጋዴውና ደላላው ዐዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ የለባቸውም። ሰሌዳ ወይም ሚዛን የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ፈርምዌሩ ያለ ፋብሪካው ፊርማ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለውን ነው። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው መልሱን አገኛችሁ። የይለፍ ቃሉ በርክክቡ ቀን በገዢው እጅ ይለወጥ፤ የካርዱ ዋይፋይ ካላስፈለገ ይዘጋ፤ የፍላሽ ቀዳዳው ይታሸግ፤ ጥገና ሲመጣ ማን መጣ፣ ምን ነካ የሚል ደብተር ይኑር። ይህ ሁሉ ከአንድ የኤልኢዲ ሰሌዳ የመብራት ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም። ደላላ የሆነ ደግሞ ዋጋ ሲቆርጥ ቁጥሩን ከሁለት ቦታ ይውሰድ፤ አንዱ ከሰሌዳ ቢሆን ሌላው በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ይሁን። በውሉ ላይም ዋጋው ከየት እንደተወሰደና በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ይጻፍ። ሰሌዳ የሚያቆም ተቋምም ከቁጥሩ አጠገብ የታደሰበትን ሰዓት ቢያሳይ ቴክኖሎጂው አይከብድም፤ ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ተመዝግቦበታል። አባላት ሲበዙ የአክሲዮን ዋጋ የሚሮጥባቸው ስክሪኖች ከአገናኝ ድርጅቶች ቢሮ አልፈው በየሆቴሉ አዳራሽ መሰቀላቸው አይቀርም። ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለአገናኝ ድርጅቶች ብዙ መመዘኛ አውጥቷል። የሚሰቅሉት ስክሪን ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን የሚያዝዝ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ጊዜው አሁን ነው፤ ስክሪኖቹ ገና በካርቶናቸው ናቸው።